ለክፍለ ከተማው የቢዝነስ ፕላን ውድድር ልመዘገብ ነው፤ የዶሮ እርባታ ፕላኔን የምታርሙኝ እባካችሁ

የካራ_ዶሮ
ረቡዕ ግንቦት 6 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ካራ ነው፤ ዶሮ ቤታችን ግን ወጣ ብሎ ለገጣፎ በተከራየናት ግቢ ውስጥ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ባለፈው ኅዳር 150 የሦስት ወር ቄብ (ገና መጣል ያልጀመሩ ዶሮዎች) ገዝተን ጀመርን። አሁን 140 ናቸው። ጥር ላይ መጣል ጀመሩ፤ ዛሬ 118 እንቁላል ለቅሜያለሁ።

የክፍለ ከተማችን የሥራ ፈጠራ ውድድር ማስታወቂያ ወረዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ፕላኑ እስከ ግንቦት 29 ይገባል፤ ያለፉት ሰኔ ላይ ዳኞች ፊት አምስት አምስት ደቂቃ ያቀርባሉ። ላሸነፈ መነሻ ገንዘብ ይሰጣል፤ ብድር አይደለም፣ አይመለስም። እኔ ዶሮዎቹን 500 ማድረስ ነው የምፈልገው።

ኮምፒውተር ቤት ያለው ልጅ የተዘጋጀ ፕላን በፍላሽ ሰጠኝ፤ 42 ገጽ ነው። ራእይ፣ ተልእኮ፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ብዛት… ሞላሁት፣ ግን የእኔ ሥራ አልመስልህ አለኝ። ከፍተኛውን ገንዘብ ልጠይቅ ወይስ የሚበቃኝን ብቻ? ንግድ ፈቃዱስ በማን ስም ይሁን? የተወዳደራችሁ ሰዎች ንገሩኝ፤ እንቅልፍ አሳጥቶኛል።

አልሸሽግም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡15

እህቴ፣ ተስፋ ላስቆርጥሽ ብዬ አይደለም። እኔ ሁለት ጊዜ ተወዳድሬያለሁ፤ ለምን እንደወደቅኩ የነገረኝ የለም። ደውዬ ጠየቅኩ፣ ሄጄ ጠየቅኩ፤ «ውጤቱ ተለጥፏል» ብቻ ነው መልሱ። ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር በትውውቅ ነው የሚያልቀው ብዬ ትቼዋለሁ። ሦስት ሳምንት ወረቀት ከምታሳምሪ ዶሮዎችሽን ብትንከባከቢ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዳኛ_የነበርኩ
ሐሙስ ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 1፡20

ሁለት ዙር በዳኝነት ተቀምጫለሁ፤ የትኛው ውድድር እንደሆነ ባልጠቅስ ይሻላል። ወንድሜ አልሸሽግም፣ ቅሬታህ እውነት ነው። የወደቀ ሰው ምክንያቱን ሊነገረው ይገባል። እኛም አልነገርናቸውም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ሁሉም በትውውቅ ነው የሚለውን ግን አልቀበልህም። እኔ በነበርኩበት ያሸነፈችው ልጅ ከመካከላችን የሚያውቃት አልነበረም፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ስሟን እንኳ አላስታወስንም፣ «የደብተሯ ልጅ» ነበር የምንላት። የሁለት ዓመት የሽያጭ ደብተሯን ይዛ ነው የመጣችው።

የካራ ልጅ፣ ያንን 42 ገጽ ተዪው። 60 ፕላን በሦስት ቀን ነው ያነበብነው፤ አብዛኛው አንቺ በፍላሽ ያገኘሽው ነበር፣ ስሙ ብቻ ተቀይሮ። «አዲስ አበባ ይህን ያህል ሚሊዮን ሕዝብ አላት፤ ከዚያ 1 በመቶው ቢገዛኝ» የሚለውን ስናይ ቀጥለን ለማንበብ ልባችን አይነሣም ነበር። ያ 1 በመቶ ስም የለውም። አንቺ ዛሬ ጠዋት እንቁላልሽን የወሰዱት ሰዎች ግን ስም አላቸው። ትናንት ስንት ሸጥሽ፣ ለማን፣ በስንት፣ ስንት ተሰበረ፣ ስንት በዱቤ ሄደ? ፕላንሽ ከዚህ ይጀምር።

ገንዘቡን በተመለከተ የሚበቃሽን ጠይቂ። ከፍተኛውን የሚጠይቅ ሰው ሲገጥመን «ግማሹን ብንሰጥህስ?» እንል ነበር፤ መልስ ያልነበራቸው ብዙ ናቸው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከወዲሁ ተዘጋጂበት፤ እኔ ብሆን የምጠይቅሽ እሱን ነው። በሁዳዴ ምን አደረግሽ?

የካራ_ዶሮ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሁዳዴውን ነገር ባይነኩብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ልንገርዎት።

ዶሮዎቹ በደንብ መጣል የጀመሩት ልክ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። በቀን አራት ትሪ፤ አንዱ ትሪ 30 እንቁላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሱቆቹ «ለፋሲካ እንገናኝ» አሉኝ። እንቁላሉን እኛ ቤት፣ ካራ፣ አልጋዬ ሥር ነበር የምደረድረው፤ ቦታው ቀዝቀዝ ስለሚል። አንድ ቀን ስቆጥር 41 ትሪ ደርሷል። ትሪው ላይ ቀን በእስኪርቢቶ እጽፍ ነበርና የታችኛው የ16 ቀን ነበር። እናቴ አንዱን ሰብራ ድስት ላይ ስታደርገው አስኳሉ ሜዳ ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ተበተነ። ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ያተረፈኝ ረመዳን ነው። የሰፈራችን ሁለት ሙስሊም ባለሱቆችና አንድ ምግብ ቤት ለማፍጠሪያ መውሰድ ጀመሩ፤ ግማሹን እነሱ አነሡልኝ። ቀሪውን ከመኖው ዋጋ በታች ሸጥኩት። በፕላኑ ላይ «በጾም ወቅት ለሙስሊም ደንበኞች እንሸጣለን» ብዬ ጽፌያለሁ። ይበቃል?

ሒሳብ_በሥርዓት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30

እህቴ፣ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ መኖ ነጋዴዎች ጋር ሠርቻለሁ። አይበቃም፤ ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ልዩነት ነው። በ2018ም እንዲሁ ነው፤ ሁዳዴ የካቲት 9 ይገባል፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት። ረመዳን ግን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። በ2019 ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ ረመዳን የሚጀምረው የካቲት መግቢያ ላይ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል ማለት ነው። የሦስት ዓመት ፕላን ስታቀርቢ አንድ ዳኛ ካሌንደር ቢያወጣ በሁለተኛው ዓመት ላይ ይይዝሻል።

አሁን 500 ያልሽውን በሁዳዴ እንየው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች። 500ው በቀን 57 ኪሎ ተኩል ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከ31 ኩንታል በላይ መኖ። ከመቶ 80 ቢጥሉልሽ በነዚያው ቀናት 22 ሺህ እንቁላል ይወጣል፣ 733 ትሪ። አልጋሽ ሥር አይገባም።

ሌላው፣ ፕላንሽን በብር ሳይሆን በግራም ጀምሪው። ከመቶ 80 በሚጥል መንጋ አንድ እንቁላል 144 ግራም መኖ ይበላል። ወደ 60 ሲወርድ 192 ግራም ይሆናል። ይህ ቁጥር በቆሎና ፋጉሎ ቢወደድም ባይወደድም አይለወጥም። የዕለቱን የመኖ ዋጋ አባዢበት፣ የእንቁላሉን የመኖ ወጪ ታገኚያለሽ። በፍላሽ የተሰጠሽ ፕላን ውስጥ ያለውን ዋጋ እንዳትነኪው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የተሠራ ከሆነ የፕሪሚክሱም (መኖ ላይ የሚጨመረው የቪታሚንና የማዕድን ድብልቅ) የክትባቱም የመሣሪያውም ዋጋ ሌላ ዓለም ነው። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀው ያን ዕለት ነው።

የሰበታ_እናት
ዓርብ ግንቦት 8፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጄ፣ አልጋ ሥር የደረደርሽውን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያው ዓመት ትዝ አለኝ። ሰበታ ዶሮ ሳረባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። የተማርኩት ነገር ቢኖር ሁዳዴን በሽያጭ ለመወጣት አለመሞከር ነው፤ ዶሮዎችሽን ከጾሙ ጋር አሰልፊያቸው።

እንዲህ ነው። ያረጁትን ዶሮዎች ከገና ጀምረሽ መሸጥ ጀምሪ፤ ከጥምቀት እስከ ቅበላ ሽጠሽ ጨርሺ። ቅበላ ሰው ሁሉ ሥጋ የሚፈልግበት ሰሞን ነው፤ ያረጀች ጣይ ዶሮ ከዚያ የተሻለ ገበያ አታገኝም። ከዚያ ሰጋቱራውን አውጥተሽ፣ አጥበሽ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብተሽ ቤቱን ሁለት ሳምንት አሳርፊው። ሁዳዴ ከገባ ሁለት ሳምንት ሲሆነው የሦስት ወር ተኩል ቄብ አስገቢ። ቄብ ከጣይ ያነሰ ነው የምትበላው፤ እንቁላልም የላትምና የምትደረድሪው የለም። መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ሊሞላት ሲል ነው፤ ቁጠሪው፣ ዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። ፋሲካ አመለጠሽ አትበዪ። ከፋሲካ በኋላ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ከዓመቱ ውስጥ እንደዚያ ያለ የእንቁላል ወቅት የለም።

ሁሉንም ባንዴ እንዳታደርጊው ግን። ግማሹ መንጋ በሁዳዴም ይጣል፤ አለበለዚያ ያ ምግብ ቤትና እነዚያ ባለሱቆች ሌላ ሰው ያገኛሉ። ደንበኛ አንድ ወር ከተቋረጠ አይመለስም።

ዶክተር_ዘእንስሳት
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡10

የእናታችን ምክር ከጤናም አንጻር ትክክል ነው። ሁለት መንጋ ሲኖርሽ ግን ሁለት ቤት ይሁን፤ ጫማም ለየብቻ። መጀመሪያ የወጣቶቹን ዶሮዎች ቤት ጎብኚ፣ ከዚያ የትላልቆቹን። ቄብ ስትገዢ የክትባት ካርድ ጠይቂ፤ ፈንግልና ጉምቦሮ ለሚባሉት የዶሮ በሽታዎች መከተባቸው በቀን የተጻፈበት። ካርድ የሌለው ሻጭ ዋጋ ቢቀንስልሽም እለፊው። ክትባቶቹን ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ያመርታቸዋል፤ ችግሩ ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ መሆኑና ከበረዶ ከወጣ መበላሸቱ ነው። ከጎረቤት አርቢዎች ጋር ቀን ቆርጣችሁ በአንድ ላይ ግዙ።

ፕላንሽ ውስጥ መብራት አላየሁም። በአገራችን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ጣይ ዶሮ ግን 16 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን እንቁላሉ ለምን እንደቀነሰ ሳይገባቸው መኖ የሚቀይሩ አሉ። ለአምፖሎቹ የምትሆን ትንሽ የሶላር ባትሪ በወጪሽ ውስጥ አስገቢ።

ገላን_ብረታብረት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡45

እኔ አሸንፌ ነበር። ወፍጮና መኖ መቀላቀያ ነው የምሠራው። ከዋንጫው ቀን በኋላ ያለውን ላጫውትሽ፤ ማንም አይነግርሽም።

ገንዘቡ በእጅሽ አይገባም፣ በየደረጃው ነው የሚለቀቀው። ለእያንዳንዱ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ከዚያ ደረሰኝ፣ ከዚያ የሚመለከተው መጥቶ ያያል። እኔ ያመጣሁት የሞተር ፕሮፎርማ የሚያገለግለው ለ15 ቀን ነበር፤ ገንዘቡ የተለቀቀው ከሦስት ወር በኋላ። በመሐል የምንዛሬው ለውጥ መጣ። ሱቁ ስመለስ በተፈቀደልኝ ብር ሞተሩን አልሸጥልህም አለኝ። ልዩነቱን ከእህቴ ተበድሬ ሞላሁ። አዘጋጆቹን «ዋጋው ተለወጠ» ስላቸው «የጸደቀው ይኸው ነው» ነበር መልሳቸው። በጣም ነበር የከፋኝ፤ የተሸለምኩት ሰው ባለዕዳ ሆኜ ስወጣ።

አንቺ ላይ ደግሞ የባሰ የሚሆነው፣ ቄብና በቆሎ የምትገዢው ከገበሬና ከትንንሽ አርቢ ነው። ደረሰኝ የላቸውም። ስለዚህ በሽልማቱ ገንዘብ ደረሰኝ ያለውን ነገር ግዢበት፤ ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ መመገቢያ፣ ሶላር። ቄቡን ከእንቁላሉ ሽያጭ አጠራቅመሽ ግዢ። እሱንም ፕላኑ ላይ ጻፊው፤ ዳኞቹ ራስሽ ምን እንዳዋጣሽ ማየት ይፈልጋሉ።

ዳኛ_የነበርኩ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡20

የገላኑ ወንድሜ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔም ዳኛ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር፤ እኛ ውጤት ሰጥተን እንሄዳለን።

ወሰን_ላይ
ቅዳሜ ግንቦት 9፣ ከጠዋቱ 3፡00

ማንም ያላነሳው ነገር፤ ካራ አዲስ አበባ ነው፣ ለገጣፎ ግን ከ2015 ወዲህ ሸገር ከተማ ሥር ነው። መታወቂያሽ የአዲስ አበባ፣ ዶሮ ቤትሽ የኦሮሚያ። ውድድሩ ነዋሪነትን ነው የሚያየው ወይስ የሥራ ቦታን? ፕላኑን ከማስገባትሽ በፊት ወረዳው ሄደሽ ጠይቂ፤ መልሱን ማን እንደነገረሽም ያዢ። የእኛ ሰፈር ልጅ በዚህ የተነሣ በመጨረሻው ዙር ወድቋል። ፈቃዱም የሚወጣው ሥራው ካለበት ነው።

በማን ስም ላልሽው፣ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ለ140 ዶሮ ግን በግለሰብ ነጋዴነት መጀመር ቀላሉ ነው። ከወንድምሽ ጋር ያላችሁን በጽሑፍ አድርጉት።

የካራ_ዶሮ
ማክሰኞ ግንቦት 19፣ ከምሽቱ 4፡30

ይቅርታ ጠፋሁ፤ ስጽፍ ነበር። ወረዳ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ነዋሪነቱ ይበቃል፣ የሥራ ቦታው ኪራይ ውል ግን ይያያዝ አሉኝ። ፕላኑ ከ42 ገጽ 9 ገጽ ሆነ። የመጀመሪያውን ገጽ ልለጥፍላችሁ፤

«140 ጣይ ዶሮዎች አሉን። ባለፉት 30 ቀናት 3,512 እንቁላል ለቅመናል፣ 61 ተሰብሯል፣ 3,390 ሸጠናል፤ ቀሪው ቤት ተበልቷል። ደንበኞቻችን ሰባት ሱቆች፣ አንድ ምግብ ቤትና ሁለት ኬክ ቤቶች ናቸው። በ2017 ሁዳዴ ኪሳራ ደርሶብናል። የምንጠይቀው ገንዘብ ለሁለተኛ ዶሮ ቤት፣ ለመመገቢያና ለመብራት ሲሆን 200 ቄብ በራሳችን ገንዘብ ነሐሴ ላይ እናስገባለን። እነዚህ ጥቅምት ላይ መጣል ይጀምራሉ፣ በ2018 ሁዳዴም ደንበኞቻችንን ያቆያሉ። አሁን ያሉት 140 ዶሮዎች እስከ ቅበላ ተሸጠው ቤቱ ያርፋል፤ ከየካቲት አጋማሽ በኋላ በቄብ ይተካሉ።»

500 የሚለውን አወጣሁት። 340 ነው ያልኩት። ጋሼ፣ «ኪሳራ ደርሶብናል» የሚለውን ላውጣው? ወንድሜ አውጪው እያለኝ ነው።

ዳኛ_የነበርኩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10

እንዳታወጪው። እንዲያውም 41ዱን ትሪ ጻፊው። ከስንት እስከ ስንት ቀን፣ በስንት እንደሸጥሽው። ኪሳራውን የጻፈ ሰው ሲገጥመኝ ሌላውንም ቁጥር አምነዋለሁ።

አልሸሽግም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40

እህቴ፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን አልሰርዘውም፤ እውነቴን ነበር። ይህን ገጽ ካነበብኩ በኋላ ግን የራሴን ፕላን አውጥቼ አየሁት። ቁጥር የለበትም፤ ሁሉም «ይጠበቃል» ነው። እንዲሳካልሽ ከልቤ እመኛለሁ።

ሒሳብ_በሥርዓት
ረቡዕ ግንቦት 20፣ ከጠዋቱ 2፡00

3,512ን ለ30 ቀንና ለ140 ዶሮ አካፈልኩት፣ ከመቶ 83 ከግማሽ በላይ ነው። ጥሩ መንጋ ነው። ለሦስቱም ዓመት ግን በዚህ አታስቢ፤ ዕድሜ ሲገፋ ይወርዳል። የሚሞቱትንም አስገቢ፤ ከ150ው አሥሩን እስካሁን አጥተሻል፣ ይህንኑ የራስሽን ቁጥር ተጠቀሚ። ባይሳካም ይህ ወረቀት ባንክ ይገባል፤ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 እንስሳትና መሣሪያን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና መያዝ ይቻላል። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን ደግሞ የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን (የአፍሪካ ሥራ ፈጣሪዎችን የሚደግፍ ድርጅት) ማመልከቻ ይከፈታል፤ ለተመረጡት 5 ሺህ ዶላር ነው የሚሰጠው፣ አይመለስም።

የካራ_ዶሮ
ዓርብ ሰኔ 20፣ ከምሽቱ 3፡15

ትናንት አቀረብኩ። ሦስተኛ ወጣሁ።

አምስት ደቂቃዋ በጣም አጭር ናት። ደብተሬን ይዤ ገባሁ፤ የግንቦትን ገጽ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አንዷ ዳኛ አንሥታ እያገላበጠች የመኖ ጠብታ ያረፈበትን ገጽ በጣቷ ጠረገችው። ሁለተኛው ጥያቄ እውነትም የሁዳዴ ነበር። የሰበታ እናቴ፣ የነገሩኝን እንዳለ ነው የመለስኩት፤ ቀን በቀን። መሐል ላይ የተቀመጡት ሰውዬ «ዳግማይ ትንሣኤ» ስል ብዕራቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

ያልመለስኩት አንድ ነው። «ወንድምሽ ነገ ሥራ አግኝቶ ቢለይሽ ዶሮዎቹ የማን ናቸው?» አሉኝ። ወንድሜ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ዞር ብዬ አየሁት፣ እሱም አየኝ። ተነጋግረን አናውቅም። ወሰን ላይ ያለው ወንድሜ ጽፎልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ «ከወንድሜ ጋር ምን ውል ያስፈልጋል» ብዬ ያለፍኩት።

የተሰጠን ከጠየቅነው ግማሽ አይሞላም፤ በሁለት ዙር ነው የሚለቀቀው። የገላኑ ወንድሜ፣ ዛሬ ጠዋት ለቆርቆሮና ለሽቦ ሦስት ፕሮፎርማ አወጣሁ፤ አንዱ ሱቅ እስከ ሐምሌ 30 ዋጋውን እጠብቅልሻለሁ ብሎ በማኅተም ሰጠኝ። ነሐሴ ላይ የምናስገባውም 200 ሳይሆን 120 ይሆናል።

ሰኞ ከወንድሜ ጋር ውልና ማስረጃ እንሄዳለን። ስድሳ አርባ ተባብለናል፤ እሱ ነው ስድሳው ያንቺ ይሁን ያለው። ቄብ ከሚያሳድጉት ሰውዬ ጋርም ለየካቲት 23 ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ቀብድ ከፍዬ። ካርዱን አሳዩኝ፣ ፈንግልም ጉምቦሮም አለበት። ዛሬ የለቀምኩት 114 ነው።

የሰበታ_እናት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡50

እሰይ ልጄ። ኖራውን ከጥር በፊት ግዢ፤ ያን ሰሞን ሁሉም ነው የሚፈልገው።